ቡሊት ሥራ የፈታችበት በዓለ ሃምሳ

እርጥብ ጆንያ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ሽታ ብዙ ሰው አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ። ባለፈው ሰሞን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ባጃጅ የውሃ ጀሪካን እስከ ጣሪያው ታጭቆበት ፊት ለፊቴ ቆመ። ሾፌሩ ጀሪካኖቹ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው እርጥብ ጆንያ አንጥፏል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ "ቡሊት!" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። አጠገቤ የቆመች ተማሪ "እኔን ነው?" አለችኝ። "ኧረ አይደለም፣ አህያ ናት" አልኳት። ልጅቷ ራቅ ብላ ቆመች። አልፈርድባትም።

ስለ አህያ ቁም ነገር ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ በአንዲት አህያ ምክንያት አልቅሻለሁ፣ በእሷው ምክንያት አያቴን ታዝቤያለሁ፣ መልሼም በአያቴ ኮርቻለሁ። ይህ ሁሉ የሆነው ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ በጋ ነው።

እናቴ ሆስፒታል ነርስ ነበረች። የዚያን ዓመት ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ስትላክ እኔን አባቷ ዘንድ ትታኝ ሄደች። አያቴ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጠባብ ግቢ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ሰው ሁሉ "መሪጌታ" ይላቸዋል፣ እኔ "አባባ" እላቸዋለሁ። ቁጡ አይደሉም፣ ቀልድ ግን አያውቁም። ሲያስቡ ያዜማሉ፣ ሲናደዱም ያዜማሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሰፈሩ ቧንቧ አለው፤ ውሃው ግን ሲያሰኘው የሚመጣ፣ ሲያሰኘው የሚጠፋ ነው። ስለዚህ የምንጠጣውም የምንታጠበውም አያ ዳኘው ከታች ከምንጩ በአህያው በቡሊት ጭኖ የሚያመጣውን ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ውሃ ጫኝ አለው፤ አንዱ በሌላው ሰፈር አይገባም። የእኛ አያ ዳኘው ነው።

አያ ዳኘው ከአይከል ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰውዬ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቡሊት በቀር ማንም የለውም። ሽማግሌ ቢሆንም "አያ" ከተባለ "አንተ" ማለት ያስኬዳልና ሁላችንም አንተ እንለዋለን። ወቀሳ ሲኖረው ለሰው አይናገርም፤ ለአህያዋ ይነግራታል። ጠላ ጠማቂዋ እትዬ አስካል በር ላይ ቆሞ፣ "ቡሊት፣ የዚህ ቤት ጀሪካን ዛሬም አልታጠበም። እኛ ምን አገባን፣ የሚጠጡት እነሱ" ይላል። እትዬ አስካል ከጓዳ "ሰምቻለሁ!" ብላ ትጮሃለች። እትዬ አስካል የሰፈሩ አፍ ነበረች። እሷ ያለችው ነገር ጠዋት ከበሯ ከወጣ ማታ የሰፈሩ ሕግ ሆኖ ያድራል። ልቧ ግን ደግ ነው፤ ያንን አልክድም።

የእኔ ሥራ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ከእትዬ አስካል ቤት አተላ ተቀብዬ ለቡሊት ማድረስ ነበር። እስክትጠጣ ድረስ ጅራቷ ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት እለቅምላታለሁ። ጀሪካን ስለሚያንጠባጥብ ጀርባዋ ላይ የሚነጠፈው ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ፣ ኩርታኗ፣ ደርቆ አያውቅም። ከሥራ በኋላ አጥር ላይ ሲሰጣ ላብ፣ ገለባና የምንጭ ውሃ አንድ ላይ ይሸታል። እንግዲህ ያ ነው ሽታዬ።

ቡሊት ከአንገቷ እስከ ጅራቷ የሚወርድ ጥቁር መስመር ነበራት፤ ትከሻዋ ላይ ሌላ መስመር ያቋርጠዋል። አባባ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ "መስቀል ነው። ጌታን በሆሳዕና ስለተሸከመች የተሰጣት ነው" ብለው ነገሩኝ። እኔም ወዲያው አሰብኩና፣ እንዲህ ከሆነ ጅብ አይነካትም ብዬ ደመደምኩ። ታዲያ አያ ዳኘው ባለ አንድ ክፍል ቤቱን በአጠና ለሁለት ከፍሎ በወዲያኛው ቡሊትን የሚያሳድራት ለምንድን ነው? ጠየቅኩት።

"ጅብ መስቀል አያነብም" አለኝ። "ጅብ የሚያነበው ሆድ ነው።"

በተረት ውስጥ ጅብ "አያ ጅቦ" ስለሚባል አያ ዳኘውና ጅቡ ዘመዳሞች ይመስሉኝ ነበር። ዘመድ ከሆኑ ለምን በሽማግሌ አይታረቁም እያልኩ እጨነቅ ነበር። የጅብና የአህያን ጠብ ምክንያት አንድ ቀን እሱው አጫወተኝ።

"አያ ጅቦና እመት አህያ የአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጡ ነበር። ተራው የእመት አህያ ሲደርስ ገብስ አቀረበች። አያ ጅቦ ገብስ አይሆንለትም፤ ግን ማኅበር ነዋ፣ እንደ ምንም ቀመሰና አመስግኖ ሄደ። በወሩ ተራው የእሱ ሆነ። ጓዳውን ቢያይ አጥንት ብቻ። እሷ አጥንት አትበላ! አፈረ፤ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ የሚያቀርበው ሲያጣ እንግዳዋን በላት።"

"ማኅበርተኞቹ ዝም አሉት?"

"ማኅበርተኞቹማ እነሱ ሁለቱ ነበሩ።"

ከዚያ ወዲያ ማኅበር የሚባል ነገር ያስፈራኝ ጀመር። እትዬ አስካል አባባን ለማኅበር ስትጠራቸው ነጠላቸውን ይዤ "አይሂዱ! የሚቀርብ ከጠፋስ?" ብዬ አልቅሼ ነበር። እትዬ አስካል ድግሷን የናቅኩባት መስሏት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

በእኛ ደብር ሆሳዕና ዕለት አህያ ትገባለች። ነጭ ጨርቅ ይነጠፍባትና የጌታ ሥዕል ላይዋ ሆኖ፣ ዲያቆናት ግራና ቀኝ ደግፈውት፣ ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል። ቀድሞ የምትገባው አህያ ባለቤት ሰፈር ስለቀየረ የዚያን ዓመት አህያ ታጣ። ቡሊትን ያሰቡት አባባ ናቸው። "ጨዋ ናት። ከበሮ አያስበረግጋትም፣ አትራገጥም" አሉ። አያ ዳኘው ወሬውን ሲሰማ እሱ ለወትሮው ከንፈሩ የማይላቀቅ ሰውዬ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። በሳሙና አጠባት፤ እኔ ጅራቷን አበጠርኩ። "ሰማሽ ቡሊት፣ ትልቅ ቤት ተጠርተሻል፤ እንዳታሰድቢኝ" አላት።

አላሰደበችውም። መዝሙሩ መሐል የአንዱን ዲያቆን ዘንባባ ነጭታ ከመብላቷ በቀር አንዲት ጥፋት አላጠፋችም። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ አስካል ጎኗን በእጇ ዳብሳ እጇን ሳመች። ከኋላዋ ያሉትም እንደዚያው አደረጉ። አያ ዳኘው ልጓሟን ይዞ ከፊት ከፊት ሲሄድ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ዘንባባው ወግቶት መሰለኝ።

ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰው ይሰግዳል እንጂ ሥራ ብሎ ነገር የለምና ቡሊት ብትቆም ማንም ልብ አላለም። ፋሲካ አለፈ። በማግሥቱ አያ ዳኘው እንደ ወትሮው ቡሊትን ይዞ እትዬ አስካል በር ላይ ቆመ። እኔ አተላ ልቀበል መጥቼ ነበር። እትዬ አስካል ባዶ እጇን ወጣች።

"አያ ዳኘው፣ ምነው እንዲህ ትደፍራለህ?" አለችው። "የጌታ ሥዕል ያረፈበት ጀርባ ላይ የእኔን ጀሪካን ልታሳርፍ?"

"ውሃ ነው እኮ እትዬ። ሌላ ምን ጫንኩ?"

"እኔ ኃጢአቱን አልችልም። ውሃ መጫን ከፈለግህ ሌላ አህያ ፈልግ። እሷ ከእንግዲህ ትረፍ።"

ሌላ አህያ ከየት ያምጣ! እሱ ግን ልጓሟን ስቦ ዞረ። ለቡሊት እንኳ የነገራት ነገር የለም። ወደሚቀጥለው በር ሄደ፤ እዚያም እንደዚያው። እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቃል ሆነ። ሌላ ጫኝ አይገባም የተባለው ሕግ በአንድ ቀን ፈረሰና ባለ ጋሪዎች ውሃ ይዘው ገቡ።

ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላማም። እንደውም ለቡሊት እንደዚያ ጊዜ ተደርጎላት አያውቅም። አንዷ ገብስ ትልካለች፣ አንዷ ፉርሽካ ታመጣለች፣ አንገቷ ላይ ቀይ ጥለት ያሰረችላትም ነበረች። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። የጓደኛዬ አባት በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥተው ነበርና ቡሊትም ጡረታ የወጣች መሰለኝ። ለአህያ ጡረታ ያለበት አገር ሸጋ አገር ነው ብዬ ለክፍሉ ልጅ ሁሉ አወራሁ። አያ ዳኘውም ቤት መዋሉ ለእኔ ተመቸኝ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተረት የሚያወራልኝ ሰው አገኘሁ። ተረቱ ግን እያጠረ መጣ። መሐሉ ላይ ይተወውና "ሌላ ቀን" ይለኛል።

ቡሊት ወፈረች። ሆዷ ተንዠረገገ። ጠዋት ጠዋት በሩ ክፍት ከሆነ ብቻዋን ወደ ምንጩ ትወርድና ጀሪካን ከሚቀዱት ሰዎች ጎን ሄዳ ትቆማለች። የሚጭናት ስታጣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። አያ ዳኘው ደግሞ ቀበቶውን እያጠበቀ፣ ጉንጩ እየገባ ሄደ። እኔ ሽማግሌ ሲሆን ሰው እንደዚያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አተላዬን ይዤ ስገባ አያ ዳኘው በቆርቆሮ ክዳን ላይ ገብስ ይቆላል። ከሴቶቹ የተላከው የቡሊት ገብስ ነው፤ ከረጢቱን አውቀዋለሁ።

"የቡሊት እኮ ነው!" አልኩት።

"ጋበዘችኝ" አለኝ፣ ከቆሎው አንድ እፍኝ እየሰጠኝ። "ተራው የእሷ ነው።"

በጣም አስቆኝ ቤት ገባሁ። ማታ እራት ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ገበታው ላይ ሥጋ አለ፣ እንቁላል አለ። "አባባ፣ አያ ዳኘው እኮ የአህያ ገብስ ይበላል!" አልኳቸው እየሳቅኩ። አባባ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።

"ሌላስ ምን ሲበላ አይተሻል?"

አሰብኩ። "ሌላ አላየሁም።"

ጥግ ላይ ወዳለው ጀሪካን ዞሩ። "ይህንን ውሃ ማን ነው የሚያመጣው?"

"ባለ ጋሪው። እትዬ አስካል ገዝታ ነው የምትልክልን፤ ለመሪጌታ ብላ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ሁልጊዜ ይኖራል፣ ይጠጣሉ። እራታቸውን አልጨረሱም። አላዜሙምም።

በማግሥቱ ከኪዳን መልስ ባዶውን ጀሪካን በገዛ እጃቸው አንጠልጥለው "ነይ" አሉኝ። መሪጌታ ጀሪካን ይዘው ሲሄዱ ሰው ቆሞ ያያል። አያ ዳኘው ቤት ስንደርስ በሩ በገመድ ታስሯል። የቡሊት ወገንም ባዶ ነው። እትዬ አስካል ከማዶ አየችንና መጣች።

"ሌሊቱን ተነሥቶ ወደ ማክሰኝት ገበያ ወርዷል መሪጌታ። ቡሊትን ሊሸጣት ነው። መቼም ሸጋ ገዢ ይሰጣት።"

"አስካል" አሉ አባባ፣ "ማክሰኝት ላይ አሁን አህያ የሚገዛው ማን እንደሆነ አልሰማሽም? በአይሱዙ እየጫኑ የሚወስዷቸው ለቆዳቸው ነው።"

እትዬ አስካል "በስመ አብ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ሲገባኝ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። አባባ እጄን ይዘው አስነሡኝ። "አልቅሺ፣ ግን እየሄድሽ" አሉኝ።

እስከ አዘዞ በታክሲ ወረድን፤ ከዚያ ወደ ማክሰኝት የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ መንገድ ላይ ያለችውን አህያ ሁሉ አያለሁ። ጤፍ የጫነች፣ እንጨት የጫነች፣ አሸዋ የጫነች። ብዙም ሳንርቅ አንዲት ከኩርታኗ በቀር ምንም ያልጫነች አህያ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጋር የመንገዱን ዳር ይዛ ስትሄድ አየሁ። አንገቷ ላይ ቀይ ጥለት አለ። "ወራጅ አለ!" ብዬ ስጮህ ረዳቱ ራሱ ደነገጠ።

አያ ዳኘው ሲያየን ቆመ። አልሸሸም፣ ሰላምታም አልሰጠም።

"አያ ዳኘው፣ ምነው?" አሉ አባባ።

"ፀሐይ ነው መሪጌታ፣ ልጂቱን ይዘው ይመለሱ።"

"ማን እንደሚገዛት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።" ክንዱን ቡሊት አንገት ላይ ጣለ። "ከውርንጭላነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ስለ እሷ ለእኔ አይንገሩኝ። ገብሱ ለእሷ ይመጣል። ለእኔ ማን አመጣ? ልለምን? ማን በር ላይ ልቁም? እናንተ እሷን አከበራችሁ፣ እኔን በበዓለ ሃምሳ ጾም አስገባችሁኝ!"

አያ ዳኘው በቀጥታ ለሰው ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሚኒባሶች እያፏጩ ያልፉናል። አባባ ጥምጥማቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

"እውነትህን ነው" አሉ። "ያስገባኋት እኔ ነኝ። የረሳሁህም እኔ ነኝ።" ከዚያ ዙሪያውን ተመለከቱ። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት የከሰል ማዳበሪያ ደርድራ ትሸጣለች። "አሁን የሚጫን አለኝ። ሰፈር ድረስ ታደርስልኛለህ?"

"ምን?"

"ከሰል።"

"ከሰል? በዚህች ጀርባ ላይ?" አያ ዳኘው ራሱ ደነገጠ። "መሪጌታ፣ ሰው ምን ይላል?"

"የሚለውን እዚያው እንሰማዋለን።"

ሁለት ማዳበሪያ ገዙ። አንዱ በአንድ ወገን ሲነሣ ሌላውን በሌላ ወገን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሚዛኑ ካልተጠበቀ ጭነቱ ይገለበጣል። የያዙት አባባ ናቸው። የከሰሉ ብናኝ በነጭ ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። እኔ "ኃጢአት ነው! አባባ ኃጢአት ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ አያቴ ሲኦል ሲገቡ በዓይኔ የማይ መሰለኝና በጣም ታዘብኳቸው። ቡሊት ግን እግሮቿን ሰፋ አድርጋ ክብደቱን ተቀበለች፣ ጆሮዋን አራገፈች፣ ከዚያ ማንም ሳያዛት ፊቷን ወደ ጎንደር አዙራ መሄድ ጀመረች።

የአዘዞን ዳገት በእግር ወጣነው። እኔ ሲደክመኝ አያ ዳኘው ያዝለኛል። አባባ ከኋላ ሆነው "ቼ! ቼ!" ይላሉ፤ ለቅኔ ማሕሌት የተገራ ድምፅ አህያ ሲነዳበት መንገድ ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ይሳሳቃል። አንድ የሚያውቃቸው ሾፌር ቆሞ "መሪጌታ ይግቡ እንጂ፣ ምን ሆነው ነው?" ሲላቸው "ጭነት ይዣለሁ" ብለው አለፉት። እኔ ያን ጊዜ እፍረት ያንገበግበኝ ነበር።

ሰፈር ስንደርስ ሴቶቹ እትዬ አስካል በር ላይ ተሰብስበው ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ቡሊትን በሕይወት ሲያዩ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከሰሉን ሲያዩ ዘጉት።

"መሪጌታ!" አለች እትዬ አስካል። "ምን ነካዎት? በዚያ ጀርባ ላይ ከሰል?"

አባባ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ላባቸው በከሰሉ ላይ መስመር እያወጣ ቆሙ።

"አዎ፣ ከሰል" አሉ። "ጌታ ኢየሩሳሌም ሲገባ የሰው አህያ ተውሶ ነው የገባ። እንደሚመልሳትም አስቀድሞ አስነግሯል። እኛ ግን የዳኘውን አህያ ተውሰን አስቀረናት።"

"እኛ እኮ ለክብሯ ብለን..."

"ዛሬ ማክሰኝት ደርሳ ቢሆን ቆዳዋ ተገፎ ነበር አስካል። እሱ ደግሞ የእሷን ገብስ እየቆላ ሲበላ ነው የከረመው። ይሄ ነው ክብሩ?"

እትዬ አስካል አያ ዳኘውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ የጎደጎደውን ጉንጩን የዚያን ቀን ያየችው ይመስለኛል። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ በሁለት እጇ ባዶ ጀሪካኖች ይዛ ነበር።

"በል አያ ዳኘው፣ ጫንልኝ" አለች። "የመጀመሪያዋ እኔ ልሁን። ኃጢአትም ከሆነ በእኔ ይሁን።"

አያ ዳኘው ገመዱን ፈትቶ ማዳበሪያዎቹን አወረደ። ኩርታኑን አነሣና እጁን ቡሊት ጀርባ ላይ አሳረፈ። በላብ ርሷል፤ ጎኗ ይርገበገባል።

"ዛሬ አልጭንም" አለ።

"ምነው? ተቀየምከኝ?"

"ከአዘዞ ወዲያ ጀምራ ከሰል ተሸክማ ዳገቱን ወጥታለች። ደክሟታል። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።"

እትዬ አስካል "እሺ" ብላ ጀሪካኖቿን ይዛ ተመለሰች። አያ ዳኘው ሥራ አልቀበልም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።